ሁለት ፍሬ ለሁለት ልጅ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለያኩባ ኮኔ፤ ሊብረቪል፣ ወደቡ አጠገብ ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ውለሃል? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ድካሙስ? አምና ግንድ የወደቀበት ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይሰድብሃል? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ነው? አንድ ክፍል ውስጥ አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ልጆች፣ የግቢው ዘበኛ፣ ተራ ገብታችሁ የምታበስሉበት ድስት ሳይቀር፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እናታችን ሰላም ትልሃለች፤ ጉልበቷ ከዝናቡ ጋር ተጣልቷል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። ጥጡ መፈንዳት ጀምሯል። ዝናቡ ግን ገና አልጠገበም።

ይህን የመሰለ ፊደል የደረደረልህ ማን ነው ብለህ እንዳትጠይቅ፤ እኔ ነኝ፣ ዚዬ። እስከ ዛሬ የደረሰህን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈው የገበያው ጸሐፊ ነበር፣ ግማሹን ቃል ከራሱ እየጨመረ። ይኸኛው ግን ከአናቱ እስከ እግሩ የኔ ነው። ከጥጥ መጋዘኑ ጓሮ የማታ ትምህርት ስንጀምር አሥራ ዘጠኝ ነበርን፤ ለመጨረሻው ፈተና የደረስነው ሰባት ነን። ከሰባቱ አንደኛ የወጣው ማን እንደሆነ ራሴ ብናገር ትዕቢት ይሆንብኛል፤ አስተማሪያችንን ድሪሳን ጠይቀው። እሱም ዚዬ ይልሃል።

አንተ ፊደል ስላልቆጠርክ ይህን ጮክ ብሎ የሚያነብልህ ሰው አለ። አንተ አንባቢው፣ እንደምን አለህ? ሚስትህ፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው? አደራህን፣ ረጅም ነው ብለህ አንድም መስመር እንዳትዘልብኝ። ትራኦሬ ከሆንክ ደግሞ፣ አደንጓሬ በሊታ ብሎ መስደብ ለእኛ ለኮኔዎች የተፈቀደ ነውና፣ መጀመሪያ ተጉመጥመጥ፤ የአደንጓሬው ሽታ ወረቀቴ ላይ እንዳይቀር። መዝለል የሚያመጣውን እኔ አውቀዋለሁ። የምጽፈውም ስለሱ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ልጅህ ፉሴኒ ታሟል። ወባ ነው። ጤና ጣቢያ ከተኛ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ በክንዱ መድኃኒት ይንጠባጠብለታል። በሕይወት አለ። መንታው ላሲና ደኅና ነው፤ ከወንድሙ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ፉሴኒን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት ነርሷ ጄኔባ ደሙን ታያለች፤ ተህዋሱ ከደሙ መውጣት አለመውጣቱን ያን ጊዜ እናውቃለን። እስከዚያ ድረስ መቀመጫ አጥቻለሁ። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ በረንዳውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ፊደሌ እዚህ ላይ ተንጋዶ ብታየው ጥፋቱ የእጄ አይደለም፤ የእግሬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ያ ነጩ መራራ የወባ ክኒን እንደ ድሮው አለመሆኑን ታውቃለህ። ባለፈው ክረምት ከመንደራችን አራት ልጅ ቀብረናል፤ አራቱም ክኒኑን ውጠው ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ከባማኮ ሐኪሞች መጡ። አለቃቸው ዶክተር ጊንዶ ይባላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወራ የሰውን ዓይን የሚፈልግ ሰው ነው። በአንድ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት የያዘ አዲስ ነገር ይዘናል፣ በስድስት መንደር እንፈትነዋለን፣ የታመመ ልጅ ስድስት ሳምንት እየተከታተልን ደሙን እናያለን አለን። ሰዉ ለምን ሁለት ብሎ ጠየቀው። አንደኛው ሯጭ ነው አለ፤ ከቻይናዎች ቅጠል የተገኘ፤ ደም ውስጥ ገብቶ ተህዋሱን እያሳደደ ይጨርሰዋል፣ ግን ቶሎ ይደክመዋል። ሁለተኛው ዝግ ያለ ዘበኛ ነው፤ ቀናት ተቀምጦ ከሯጩ ያመለጠውን እየጠበቀ ይይዛል። አንዱን ብቻውን ብትልኩት ተህዋሱ ይለምደዋል፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን ከአንዱ የሸሸው ሌላው እጅ ይገባል። አክስታችን ኮሮቱሙ ከኋላ ሆና «እንግዲህ መንታ ናቸው በላ!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቀ። እኔ ግን ቃሏን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።

ባለፈው ወር ፉሴኒ ትኩሳት ያዘው። በብስክሌቴ ጭኜ አራቱን ኪሎሜትር ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኩት፤ እናቱ ዋሳ ላሲናን አዝላ ተከተለችን። ስድስት ዓመት ሞልቷቸው ይታዘላሉ ወይ እንዳትል፤ አንዱ ከተሸከሙት ሌላው በእግሩ አይሄድም፣ ሕጉን ታውቃለህ። ጄኔባ ደሙን አይታ ለአዲሱ መድኃኒት ይሆናል አለች። ወረቀት አመጣች፣ በቋንቋችን የተጻፈ፣ ሦስት ገጽ። ማንበብ የማይችል ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል፤ የሚችል ሌላ ሰው ደግሞ አብሮ ሰምቶ በምስክርነት ይፈርማል አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ ይህን ለኔ ትለኛለች? «ጣቴ ቀለም የሚነካው ብዕር ሲይዝ ብቻ ነው» አልኳት። «ኧረ! አደንጓሬ መልቀም የለመደ ጣት ብዕር ያዘ?» አለችኝ። ጄኔባ ትራኦሬ ናት፤ እኛ ኮኔዎች ስለሆንን ስንሳደብ ብንውል ማንም አይቆጣንም፤ ባንሳደብ ነው ሰው የሚሰጋው።

በዚያን ቀን የአንጥረኛው የሲዲኪ ሚስትና ጎረቤታችን ፋንታም የታመመ ልጅ ይዘው መጥተው ነበር። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ደረቴን ነፋሁና ጄኔባን «አንቺ ልጆቹን መዝኚ፤ የንባቡን ነገር ለሚያውቅ ተይው» አልኳት። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላቸው። እንዴት አድርጌ! አንድ ቃል አልሰበርኩም። በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ፤ አንዲት አሮጊት ኢማሙ የመጡ መስሏት ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ፊደሉ ደቃቅ ሆነ፣ ላቤ መጣ፣ የሚያሰናክል ቃልም ታየኝ። ከዚያ ሁሉ አድናቆት በኋላ እንዴት ልንተባተብ? «የቀረውም እንደዚሁ ነው» ብዬ አጠፍኩት። ጄኔባ ስትመለስ ሦስቱንም ገጽ አነበብክላቸው ወይ አለች። «ኮኔ ሦስት ገጽ ለቁርሱ ያነባል» አልኳት። ሳቀች። ለፉሴኒ በአሳዳጊነት፣ ለሁለቱ ሴቶች በምስክርነት፣ ስሜን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስተኛው ፊርማዬ ላይ ጭራ ሁሉ ጨምሬበታለሁ።

አሰጣጡ እንዲህ ነበር። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ፍሬ። ቅባት ያለው ምግብ ካልተበላበት ስለማይሠራ ጄኔባ ኦቾሎኒ ያለበት አጥሚት ታበላዋለች፣ ክኒኑን ታስውጠዋለች፣ ከዚያ «አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሳ» ብላ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ትፈትሸዋለች። ላሲና በር ላይ ቆሞ ያያል። ለሱ ምንም አልተሰጠውም። በመጀመሪያው ቀን ቤት ደርሰን የላሲናን ሰሌን ስናነሳ ከሥሩ ጊንጥ ወጣ። ጅራቱን ቀስሮ! ዋሳ ጮኸች። አክስታችን ኮሮቱሙ ጊንጡን እንዳንገድለው ከለከለችንና «መንታን ያበላለጠ ቤት እንግዳው ይኸው ነው፤ የተበደለው ጥሎ ይሄዳል» አለች። መሄድ የምትለው ሞትን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ዋሳ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ እጄ ላይ ያለውን የማታውን መድኃኒት አየሁት። ሁለት ፍሬ። የታመመ አንድ፣ መንታ ግን ሁለት። ያ ኪሴ ውስጥ ያቆየሁት የአክስታችን ቃል ያኔ ብቅ አለ። «ኧረ ሰዎቹ አውቀው ነው!» አልኩ። «ለምን ሁለት ፍሬ ሆነ ይመስላችኋል? መድኃኒቱ ራሱ መንታ ነው፤ የመንታን ሕግ የማያውቅ ሰው እንዲህ አይሠራም። ሁለት ፍሬ ለሁለት ልጅ!»

ሦስቱንም ማታ አንድ ለፉሴኒ፣ አንድ ለላሲና ሰጠሁ። ጊንጡ አልተመለሰም። ጄኔባ ጠዋት ጠዋት ስትጠይቀኝ አንድም ፍሬ አልተረፈም እላታለሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ ከቤታችን አይወጣም ነበር። ግን የሲዲኪና የፋንታ የታመሙ ልጆችም መንታ ናቸው። ሴቶቹ ጉድጓዱ ጋ ውኃ ሲቀዱ እኛስ ምን እናድርግ ብለው ጠየቁኝ፤ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኛ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «ሁለት ፍሬ ለሁለት ልጅ» ብዬ መለስኩላቸው።

ሦስተኛው ቀን የፉሴኒ ደም ንጹሕ፣ ሰባተኛው ንጹሕ፣ አሥራ አራተኛው ንጹሕ። ሻይ በሚፈላበት ሁሉ እየሄድኩ ሐኪም ለመሆን ከነጭ ልብሱ በስተቀር የሚጎድለኝ እንደሌለ አወራሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ? በሦስተኛው ሳምንት የሲዲኪ ልጅ ትኩሳት ተመለሰበት። ቀጥሎ የፋንታ። ሁለቱ በሌላ መድኃኒት ቀለል አላቸው፤ አሁን ይሮጣሉ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ግን ፉሴኒ አጥሚቱን አስመለሰ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፣ እጅና እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ብንጠራው አይሰማም። በብስክሌት ስወስደው ዋሳ ከኋላ በሩጫ አንገቱን ደግፋ ይዛ መጣች። አራት ኪሎሜትር። አንድም ጊዜ ቀስ በል አላለችኝም።

በዚያው ቀን ዶክተር ጊንዶ በሁለቱ ልጆች ምክንያት መጥቶ ነበርና ሦስተኛ አገኘ። ወላጆችን ሁሉ ሰበሰበን። ፊቱ አመድ መስሏል። ከስድስቱ መንደር መድኃኒቱ የከሸፈው እዚህ ብቻ ነው አለ። ልጆቹ አስመልሰው ነበር? አላስመለሱም አልን። በባዶ ሆድ ሰጣችኋቸው? የለም። ሁሉንም ዋጡ? ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፤ አንባቢው እኔ ነኛ። እኔ፣ ያ ስታውቀው የነበረ ምላሰኛ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን አቧራ ማራገፍ ያዝኩ። ዶክተሩ ደማቸውን በወረቀት ላይ አድርቄ ወደ ባማኮ እወስደዋለሁ አለ፤ ያው የቀድሞው ተህዋስ ተርፎ የተመለሰ ከሆነ፣ አዲሱን መድኃኒት የሚያሸንፍ ወባ በመንደራችሁ ተገኘ ተብሎ ይጻፋል፤ እዚህም መስጠት እናቆማለን። አንዱ ሽማግሌ ታዲያ ልጆቻችን ሲታመሙ ምን ይውጡ አለው። ዶክተሩ መነጽሩን ጠረገ። እኔ ተቀምጬ ሦስቱን ቤት በጣቴ ቆጠርኩ። መንታ፣ መንታ፣ መንታ። ወረቀታችንን ከዋሳ ሳጥን አውጥቼ ሁለተኛውን ገጽ ያን ቀን አነበብኩት። «ቤት የሚሰጠው መድኃኒት በሙሉ ለታመመው ልጅ ነው፤ ለሌላ ሰው አይካፈል» ይላል። አንድም የሚያሰናክል ቃል የለውም። ሕፃን ያነበዋል።

ትናንት ጠዋት ወደ ጄኔባ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኗን ከምትጽፍበት ሳታነሳ «አንዱን ለላሲና? አንተ ሳትውጠው? ኮኔ ያገኘውን ለልጅ አይተውም» አለችኝ። በእናቴ እምላለሁ አልኳት። «የትኛዋ እናትህ? ባለፈው ሳምንት በሁለት ጅግራ ልትለውጣት የነበረችው?» አለችኝ። ለቀልድ ብያት ነበር፤ አሁን አንገቴ ላይ መጣብኝ። ወደ ዶክተሩ ብሄድ መኪናው ለመሄድ እየተዘጋጀ ነው፤ እሷ ከኋላዬ «ዶክተር፣ ይህን ሰውዬ እንዳይሰሙት! የግብርናውን ሠራተኛ ጉማሬ ጥጤን በላብኝ ብሎ ሦስት ኪሎሜትር ያስኬደ ነው!» ትላለች። ዶክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ የቡሎን መፍቻ ወደያዘው ሾፌሩ ዞረ። ወንድም ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የኔን ውሸት አምኖኛል። እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

ያኔ ደብተሬ ትዝ አለኝ። ድሪሳ በየቀኑ የሠራችሁትን ጥቂት መስመር ጻፉ ይለን ነበር። ብስክሌቴን ይዤ ቤት በረርኩ፣ ደብተሩን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ፤ መኪናውን ወንዙ ማቋረጫ ላይ አገኘሁት። ብስክሌቴን መንገዱ መሐል አጋደምኩና ፊቱ ቆምኩ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ የሚባለውንና የማይባለውን ሰደበኝ። ጄኔባ አብራቸው ነበረች፤ ወርዳ «አሁንስ አበዛኸው፣ የአደንጓሬ ጆንያ!» እያለች ደብተሩን ተቀበለችኝ። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ዛሬ ማታ እንደ ሐኪም መድኃኒት ሰጠሁ። አንድ ለፉሴኒ፣ አንድ ለላሲና። ማንም አላለቀሰም።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ዛሬም አንድ ለፉሴኒ፣ አንድ ለላሲና። የሲዲኪ ሚስትም እንደኔ አደረገች፤ የነገርኳት እኔ ነኝ።» ሦስተኛውን በልቧ ነው ያነበበችው። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ፦ «ፋንታም እንደኔ። ፊደል የቆጠረ ሰው ለመንደር ይጠቅማል።» ከሥሩ ድሪሳ በቀይ ቀለም ቀኑን ጽፎ «በጣም ጥሩ፣ እጅህ ተሻሽሏል» ብሎበታል።

ጄኔባ ደብተሩን ዘጋችውና «ዚዬ ኮኔ» አለችኝ። ሙሉ ስሜን። ስድብ የለ፣ አደንጓሬ የለ። ወንድም ጋሼ፣ ካወቅኳት ጀምሮ እንዲህ ጠርታኝ አታውቅም። ሾፌሩ የሰደበኝ ሁሉ ከዚያች ጋር ሲተያይ ምርቃት ነው።

ዶክተሩ መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ አነበበው። ሦስቱም መንታ ናቸው? አለኝ። ሦስቱም አልኩት። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘጋው። ከዚያ ለኔም ለጄኔባም ሳይሆን ለመንገዱ «ክብደታቸውን ጠይቀናል፣ ዕድሜያቸውን ጠይቀናል፣ አጎበር አላቸው ወይ ብለናል። መንታ አለው ወይ አላልንም» አለ። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ፣ «መድኃኒቱ አልተሸነፈም፤ አልተሰጠም» አለኝ። ደሙ ባማኮ ይታያል፤ ግን ልጆቹ ሙሉውን እንዳልወሰዱ አብሮ ይጻፋል፣ መንደሩም ከፈተናው አይወጣም። ከእንግዲህ ወረቀቱን የሚያነበው ጤና ጣቢያው ራሱ ነው፤ ምስክር የሚሆንም ሌላ ሰው ይፈለጋል። ደብተሬን ይዞት ሄደ፤ ይህን የምጽፍልህ ጄኔባ በሰጠችኝ ወረቀት ላይ ነው። እንግዲህ ከመንደራችን ጽሑፉ ባማኮ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ማን መሆኑን… ተወው። ይህቺን ልትዘላት ትችላለህ፣ አንባቢው።

ከሰዓት በኋላ ጄኔባ ስትመለስ አክስታችን ኮሮቱሙ አልጋው ራስጌ ቆማ አገኘቻት። የአንዱ መንታ ክንድ ታስሮ የሌላው ነጻ አይሆንም፣ መርፌው ወይ ለሁለቱም ይግባ ወይ ይውጣ ትላለች፤ እጇም ወደ ቱቦው እየሄደ ነው። ከትናንት በስቲያ ቢሆን ጄኔባ ከክፍሉ ታስወጣት ነበር። ትናንት ግን ፋሻ ቆረጠች፣ በላሲና ክንድ ላይ እዚያው ቦታ አሰረችለት፣ ባዶ ጠርሙስ በክር አንጠልጥላ ከፉሴኒው ጎን ሰቀለችው። አክስታችን አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ «ይሁን። መንታ የሚቀየመው ባየው ነው» ብላ ተቀመጠች። ላሲና እስካሁን ክንዱን አላንቀሳቀሰም፤ ይኮራበታል። አጎቱን ወጥቷል።

ሲዲኪ በመንገድ ሲያገኘኝ ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይለኛል። ሚስቱ «አንባቢው መጣ!» ብላ ለልጆቿ ትጮሃለች። ይገባኛል። የሚያቃጥለኝ ግን የዋሳ ነው። ሁለት ቀን ምንም ሳትናገር ምሳዬን አቀረበችልኝ፤ ገንፎውን፣ የባሚያ ወጡን፣ ውኃውን ሳይቀር በሥርዓቱ። ትናንት ብቻ እጄን ስታጠብ አፏን ከፈተች። «ለአባቱ ንገረው። የገበያው ጸሐፊ አይጻፍልህ፤ አንተው ጻፈው። ፊርማህ ያምራል ብለህ የለ?» አለችኝ። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። ልደብቅህ ባስብ ኖሮ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይቻል ነበር። አስቤውም ነበር።

ጄኔባ ጠራችኝ። ልሂድ።

ተመለስኩ። ወንድም ጋሼ፣ በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ አንባቢው ይታገሠኝ። ጄኔባ የፉሴኒን ጣት ወግታ ደሙን መስታወት ላይ ቀብታ በማጉያ መሣሪያው ስታይ ቆየች። እኔ ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ ስል «ጥላህን አንሳልኝ» አለችኝ። ቆየች። መስታወቱን ትንሽ ትገፋዋለች፣ ታያለች፣ ደግሞ ትገፋዋለች፤ አንድም ቦታ አትዘልም። በመጨረሻ ተነሳችና «አንተ አንባቢ አይደለህ? ና አንብብ» አለችኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። ምን አየህ? አለችኝ። ምንም አልኳት። «እኔም ሁለት መቶ ቦታ አይቼ ምንም አላየሁም» አለች። ባዶ ገጽ ሳነብ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሄጄ የመድኃኒቱ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ይህኔ ነው «ተነስ ከዚያ፣ የአደንጓሬ ጆንያ! ሳጥኑን ልታፈነዳው ነው?» ያለችኝ። አለቀስኩ ብልህ አታምነኝም፤ ግን ዋሳ አይታኛለች፣ ጠይቃት።

ገና ነው። ለቀሩት ቀናት የሚዋጥ ክኒን አለው፣ የሚቀጥለው ሳምንትና ከዚያ ወዲያም ደሙ ይታያል፤ እኔም እስከዚያ እግሬ ከመሬት አይጣበቅም። ክኒኑን የምትሰጠው ዋሳ ናት። ላሲና በዚያው ሰዓት፣ በተመሳሳይ ማንኪያ፣ የማር ውኃ ይጠጣል። ዶክተሩም ትናንት ከመሄዱ በፊት በስድስቱም መንደር ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ በእጁ እንዲጨመር ለጄኔባ ነግሯታል፤ ልጁ መንታ አለው ወይ የሚል። የኔ ጥያቄ ነው አልልም። ከኔ ጥፋት የወጣ ነው እላለሁ።

ስለ ፍርዱ፣ አንተ የቤቱ ታላቅ ነህ፤ የምትለኝን እቀበላለሁ። ልትሰድበኝ ብትፈልግም አስጽፈህ ላክልኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው።

እናታችን ወገብህን በቅቤ ታሽ ትላለች። አክስታችን ኮሮቱሙ ለልጆቹ የምትልከው ልብስ ሁሌም ሁለት፣ ቀለሙም አንድ እንዲሆን ታሳስብሃለች። አስተማሪያችን ድሪሳ ሰላም ይልሃል። ሲዲኪ ሰላም ይልሃል፤ ለኔ ሰላምታ ባይኖረውም ለአንተ አለው። ጄኔባ የኮኔዎች ሁሉ ታላቅ ለሆንከው ለአንተ አንድ ጭብጥ ጥሬ አደንጓሬ ልካልሃለች፤ እንዳይበላሽ ብዬ እዚሁ አስቀምጬልሃለሁ። ዋሳ ሰላም ትልሃለች፤ የቀረውን ራሷ ታስጽፍልሃለች፣ በሌላ ሰው እጅ። ላሲና ክንዱን እንዳመመው ንገርልኝ ብሏል። ፉሴኒ ቅድም ዓይኑን ገልጦ ራበኝ አለ። ዋሳ አሥራ አምስት ፍሬ ኦቾሎኒ አልጋው ላይ ዘረገፈችላቸው። ራሱ ፉሴኒ በደካማ ጣቱ ሰባት ለሱ፣ ሰባት ለላሲና ቆጠረና የተረፈችውን አንዲት አንስቶ ወደኔ ዘረጋት።

አንተ አንባቢው፣ ስለድካምህ አላህ ይስጥልኝ። ያኩባ አሁን አንድ ነገር ይጠይቅህ፤ አሥራ አምስተኛዋ ኦቾሎኒ ለማን ደረሰች? ካወቅክ አልዘለልክም።

ታናሽህ ዚዬ ኮኔ፣ በገዛ እጁ
ንጎሎሶ፣ ከሲካሶ ወዲያ፣ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ
ኦክቶበር 16 ቀን 2003